«ያጽናችሁ» ያለው ማን ነበር?

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ። ጎጃምን ከጎንደር ወገን ጋር ያገናኛል፤ የተሠራውም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት ብለው አርበኞች መሀሉን ሰበሩት። ድልድዩ ተሰብሮ ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ የሚሄደው በክፍተቱ ላይ በተዘረጋ ገመድ እየታሰረ፣ በሁለቱም ጫፍ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የተሰበረው ክፍል በብረት ተጠገነ፤ እሱንም በኋላ ጎርፍ ወሰደውና ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ስለዚህ ድልድይ ፈልጋችሁ ብታነቡ ያሠራው ንጉሥ፣ የሰበሩት አርበኞችና የጠገኑት መሐንዲሶች ወዲያው ይመጡላችኋል። ገመድ ጎታቾቹስ? እነሱ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በፎቶ ውስጥ ነው፤ ስም የላቸውም፣ ድምፅም የላቸውም። ከስድሳ ዓመት በላይ ሁለቱን አገር ያገናኙት እኮ እነሱ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ትችት እዚህ ላይ ነው። ከጦርነትና ከጭፍጨፋ የተረፉ ሰዎችን ታሪክ ስንቀርጽ የምንጠይቀው ስለሰባሪውና ስለጠጋኙ ነው፤ ጎታቹን እንዘለዋለን። «ጽናት» የሚባለው ነገር ደግሞ በአብዛኛው ያለው ጎታቹ ዘንድ ነው።

ሦስት ዓይነት ጥያቄ፣ ሦስት ዓይነት መልስ

ምሥራቅ ጎጃም ጦርነትን የሚያውቅ አገር ነው። የቢቸና ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው በላይ ዘለቀ ነው። በአካባቢው ጣሊያንን ተዋጋ፤ ከነፃነት በኋላ ደጃዝማች ተባለ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬ ሲነሳ ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ማዕከሎች ውስጥ ነበሩ። መንግሥት ጦርና የጦር አውሮፕላን ላከ። መጨረሻ ላይ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ።

ይህን ሁሉ እንዴት ቀረጽነው? እኔ እንደማየው ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው የጀግና መንገድ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲደርስ አርበኛው ሜዳሊያውን ደርድሮ ካሜራ ፊት ይቀመጣል፤ ይፎክራል፤ ስንት ጠላት እንደጣለ ይጠየቃል። ፉከራና ሽለላ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ግን የራሱ ሕግ አለው። በፉከራ ውስጥ ፈርቼ ነበር አይባልም፤ ልጄን ለጎረቤት ትቼ ሸሸሁም አይባልም። ቅርጹ አስቀድሞ የሚባለውን ወስኖታል።

ሁለተኛው የማኅደር መንገድ ነው። ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ስለኢትዮጵያ የገበሬ አመፆች ባሳተሙት መጽሐፍ የጎጃሙን አመፅ ከፈረንሳዩ የቫንዴ አመፅ ጋር እያስተያዩ መርምረውታል። ማን መራው፣ ለምን ተነሱ፣ ምን ዓይነት አመፅ ነበር የሚለውን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ጥያቄው ግን ስለአመፅ ነው። አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ማታ እሳት ማን እንዳነደደ ከዚህ ዓይነት መጽሐፍ መጠበቅ አይቻልም። ሥራው አይደለማ።

ሦስተኛው የፍርድ ቤት መንገድ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የዘር ማጥፋት ስምምነት በ1949 እ.ኤ.አ. በማጽደቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓ ደግሞ ከስምምነቱ አልፎ የፖለቲካ ቡድኖችንም ከጥበቃው ሥር አስገብቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ ሕግ መሠረት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ በፈጀው የቀይ ሽብር ችሎት ብዙ ምስክሮች ቆመው ተናግረዋል። ፍርድ ቤት ግን የሚጠይቀው «ማን ገደለ? መቼ? የት?» ብሎ ነው። «ከዚያ በኋላስ እንዴት ኖርሽ?» የሚል ጥያቄ ለፍርዱ አያስፈልግም።

ሦስቱም መንገዶች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ችግሩ ከሦስቱ ውጪ የሆነው ነገር ሁሉ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

ጥያቄው መልሱን ይሠራዋል

ይሄ እንዲያው የስሜት ቅሬታ አይደለም፤ የተለካ ነገር ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ከዚያ አንዱን ቡድን «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ፤ ሌላውን ደግሞ «ሲገጩ» በሚል ለዘብ ያለ ቃል። «ሲላተሙ» የተባሉት ከፍ ያለ ፍጥነት ገመቱ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም «የተሰባበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ሆኖም «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ተማሪዎች 16ቱ አየን አሉ፤ «ሲገጩ» ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ ብቻ።

አንድ ግስ ይህን ያህል ካደረገ፣ አንዲትን የሰማንያ ዓመት እናት «እማማ፣ ያን ሁሉ መከራ በምን ዓይነት ጽናት አለፉት?» ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። መልሱ በጥያቄው ውስጥ ተጽፎ አልቋል። እሳቸውም ጨዋ ናቸው፤ እንግዳ አያሳፍሩም፤ የተፈለገውን ጽናት ያቀርባሉ።

ታዲያ ትዝታ ይታመናል?

እዚህ ጋ ብልህ አንባቢ «ትዝታ እንዲህ በቀላሉ የሚጣመም ከሆነ ለምን እንደክማለን?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቫግናርና ክሩንቬክ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ኤሪካ ከተባለ የጦርነት ጊዜ ካምፕ የተረፉ 78 ሰዎችን ቃል አጠኑ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የሰጡትንና ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የሰጡትን ቃል ጎን ለጎን አስቀመጡ። ስምና ቀን የጠፋባቸው ብዙ ነበሩ፤ የካምፑ ኑሮ በጠቅላላው ግን በደንብ ይታወሳቸው ነበር። ትዝታ እንግዲህ እንደ አሮጌ ካርታ ነው፤ ርቀቱ ሊዛባ ይችላል፣ ወንዙ ግን ያለበት ነው።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ ከዓባይ ማዶ፣ ከደብረ ሊባኖስ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የጄኔራል ማሌቲ ጦር የገዳሙን ሰዎች ፈጀ። የጣሊያን ቴሌግራሞች 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት ተገደሉ ይላሉ፤ ድምሩ 449 ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ ቁጥር ቆየ፤ ለምን ቢባል በወረቀት ላይ ስለነበረ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን በአካባቢው ያሉ ሰዎችንና የተረፉትን እያነጋገሩ ግምቱን ወደ 1,423 እስከ 2,033 አደረሱት። በዚህ ልዩነት ውስጥ አንድ የታወቀ ነገር አለ፦ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል ነው። ከየአገሩ የመጣ ምእመን ገዳሙ ውስጥ ነበር። ቴሌግራሙ ስለመነኮሳት አወራ፤ ሕዝቡ ደግሞ በዓሉን አስታወሰ።

የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ይህንን ሳስብ ስህተት አራሚ ኮድ ይታየኛል። ስልካችሁ መልእክት ሲልክ ተጨማሪ ቁጥሮች አብሮ ይልካል፤ በመንገድ ላይ አንዱ ቢበላሽ በነሱ ይታወቃል። የአገራችን ሽማግሌዎች አቆጣጠርም እንዲህ ያለ መፈተሻ አለው። ዓመተ ምሕረቱን የረሱ ሰው «ዘመኑ ዮሐንስ ነበር፣ ዕለቱ ሚካኤል» ይሏችኋል። ሚካኤል ማለት የወሩ 12ኛ ቀን ነው። ለዘመኑ ደግሞ በዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 1960 ላይ 5500 ሲደመር 7460 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ግብሩን እምቢ ያልነው በዘመነ ዮሐንስ ነው የሚል ሰው ካገኛችሁ ከ1956፣ ከ1960 ወይም ከ1964 አንዱ ነው፤ ከታሪኩ ጋር የሚገጥመው ደግሞ መካከለኛው ብቻ ነው። «ስንት ዓ.ም. ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይህን መፈተሻ ሁሉ ይጥለዋል።

ስህተቱም ራሱ ዋጋ አለው። አሌሳንድሮ ፖርቴሊ የተባለ ጣሊያናዊ የቃል ታሪክ ተመራማሪ ቴርኒ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ስለሞተ አንድ ወጣት ሠራተኛ ሰዎችን ጠየቀ። ሉዊጂ ትራስቱሊ በፖሊስ የተገደለው በ1949 እ.ኤ.አ. ኔቶን በመቃወም በተደረገ ሰልፍ ላይ ነው። ብዙዎቹ ግን በ1953 ነው ይላሉ፤ ሠራተኞች በጅምላ ከፋብሪካው ሲባረሩ በተነሳው ግርግር። ፖርቴሊ ተሳስታችኋል ብሎ አልሰረዘውም። ሕዝቡ ያን ሞት ለሱ ትልቅ ትርጉም ወዳለው ትግል እንዳሸጋገረው አሳየ። ጎጃም ውስጥም በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በመሬትና በግብር ጉዳይ አመፅ ነበር። ያኔ የሆነውን ከ1960ው ጋር ቀላቅሎ የሚተርክ ሽማግሌ ቢገጥማችሁ ሁለቱን ቀኖች አጣሩ፤ ቀጥላችሁ ግን «ለምን አንድ ሆኑባቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጽናት የስፕሪንግ ባሕርይ ነው ወይስ የሰው?

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። የእርዳታ ድርጅቶችና የጥናት መጠይቆች የሚወዱት «ሪዚሊየንስ» የሚባል ቃል አለ። በአማርኛ «ጽናት» ወይም «የመቋቋም አቅም» እየተባለ ይተረጎማል። በእኛ ሙያ ትርጉሙ ጥርት ያለ ነው፦ አንድ ብረት ሳይጣመም የሚይዘውና ጭነቱ ሲነሳለት መልሶ የሚሰጠው ጉልበት። ስፕሪንግ ትጫናላችሁ፣ ትለቁታላችሁ፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረቱ ከልኩ በላይ ከተጫነ ግን አይመለስም፤ ይጣመማል። ከተጣመመ በኋላ ሊጠነክርም ይችላል፤ ግን የድሮው ቅርጹ የለም፤ ለመሰበርም ይቀርባል። ከጭፍጨፋ የተረፈን ሰው «ወደ ቦታው ተመልሷል?» ብሎ መለካት የስፕሪንግ ጥያቄ ነው።

አማርኛ ራሱ የተሻለ ነገር ያውቃል። ለቅሶ ስትደርሱ ምን ትላላችሁ? «እግዜር ያጽናችሁ»፤ «እግዜር ያስችላችሁ»። «ጽናት» እና «ያጽናችሁ» አንድ ሥር ናቸው። ግሱን ልብ በሉት፤ አድራጊው ሐዘንተኛው አይደለም። ሌላ የሚያጸናው አለ፤ ያንንም የሚለው ከደጅ የመጣው ጎረቤት ነው። «መቻል»ም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቃል ሆኖ አቅምንም መሸከምንም ይይዛል። «እንዴት ቻልሽው?» ሲባል ሁለቱም አለበት። ቃሉን የሚለው ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ እንጀራና ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ፤ አልቃሿ ሙሾ እያወረደች የሟቹን ማንነት በግጥም ትመዘግባለች። ሰውዬው ጸና የሚባለው በዚህ ሁሉ ተይዞ ነው። ሰባራ ድልድይ ላይ ገመዱን በሁለቱም በኩል የሚጎትት ሰው እንዳለው ማለት ነው።

ጥያቄውን መቀየር ያለብን ለዚህ ነው። «እንዴት ጸኑ?» ከማለት «ያን ሰሞን ቤትዎ ማን መጣ? ምን ይዞ መጣ? ያልመጣስ ማን ነበር?» ማለት። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከባድ ናት፤ ግን ማንም ከባዷን ካልጠየቀ የሚቀረጸው ሁሉ የድል ዜማ ይሆናል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲዘረፉ የተጎዱት ሰዎችም የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው። የሞጣን የመከራ ታሪክ እቀርጻለሁ የሚል ሰው እነሱንም ማን «ያጽናችሁ» እንዳላቸው፣ ማን ዝም እንዳለ ካልጠየቀ የቀረጸው የሞጣን ግማሽ ነው።

ዝምታን የሚሰርዝ ማሽን

ስለመሣሪያውም አንድ ነገር ልበል፤ ይሄ የኔ ሰፈር ነው። የብዙ ስልኮች የድምፅ መቅጃና ጥሪ መተግበሪያ ጫጫታን በራሱ ያጠፋል፤ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋል። ለስልክ ጥሪ ግሩም ነው። ለተረፈ ሰው ቃል ግን አደጋ አለው። ማሽኑ «ጫጫታ» ብሎ የሚያጠፋው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ፣ የታፈነ ሲቃ፣ የነጠላ ጫፍ አፍ ላይ ሲደረግ የሚሰማው ድምፅ አለበት። አዘጋጁ ደግሞ ቀጥሎ ይመጣና «እዚህ ጋ ባዶ ነው» ብሎ አሥራ አምስት ሰከንድ ዝምታ ይቆርጣል። ከመልሱ ውስጥ ትልቁ መልስ ያ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። እነዚህን ማስተካከያዎች የሚያጠፋ መተግበሪያ ምረጡ፤ ያልተጨመቀ ፋይል ቅረጹ። በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ እያንዳንዱ 3 ባይት ቢሆን በሰከንድ 144,000 ባይት ነው፤ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ። አንዲት ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከ120 ሰዓት በላይ ትይዛለች። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከሌላው ከተማ ይሁን። በፋይሉ ላይ ማን፣ መቼ፣ በምን ቋንቋና ዘዬ እንደተናገረ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነና ጥያቄው ቃል በቃል ምን እንደነበር ጻፉ። ጥያቄው ካልተመዘገበ መልሱን ማንም ሊመዝነው አይችልም።

ዛሬ መቅረጽና ዛሬ ማውጣት ይለያያሉ

አሁን ደግሞ የቸኮልነውን ነገር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል እንደገና ጦርነት ውስጥ ገብቷል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዚያ አላመለጠም። የጣሊያንን ጊዜ በዓይናቸው ያዩት ጥቂት ቀርተዋል። በ1960 ሃያ ዓመታቸው የነበረው ዛሬ ሰማንያውን ደርሰዋል ወይም እየደረሱ ነው። በሌላ በኩል አዲስ ጉዳት ያለበት ቤት ውስጥ ማይክ ይዞ መግባት ሰውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ድምፅ ራሱ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ኮምፒውተር ሁለት ቅጂ አስተያይቶ የአንድ ሰው መሆኑን ሊለይ ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱን እንለይ። የቆየውን አሁኑኑ እንቅረጽ፤ ጊዜ አይሰጠንም። የአዲሱን ቁስል ባለቤቱ ራሱ ሊናገር ከፈለገ እንስማ፤ የተቀረጸው በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ ባለቤቱ በወሰነው ዓመት ብቻ የሚከፈት ይሁን፤ «ተውኩት» ካለም ይሰረዝ። ሳይንስ ውሂብ ይፈልጋል፤ ትክክል ነው። የተናጋሪው ደኅንነት ግን ከውሂቡ ይቀድማል። እንደ ደብረ ማርቆስ ያሉ የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች ከሁሉም በፊት ሊሠሩት የሚገባው ይህንን ሕግ ነው፤ ካሜራው በኋላ ይደርሳል።

እናንተ ደግሞ ፈቃድም በጀትም የማያስፈልገው ሥራ አላችሁ። ለበዓል ቤት ስትሄዱ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አያታችሁን ስለጀግኖቹ አትጠይቋቸው፤ እነሱን ሳትጠይቁም ይነግሯችኋል። «እማማ፣ ያኔ ቤታችሁ ሲቃጠል ማን ዘንድ አደራችሁ?» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። የሚመጣው ስም በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የሌለ ሊሆን ይችላል። ጻፉት፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነበር ወይስ ማርቆስ የሚለውንም አትርሱ።